ሰማይ የምናይበት አውድማ

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ውላችሁ፣ ከክፍል ወጥታችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ።

የተጠየቅሁት ስለ ቴሌስኮፕ እንዳወራ ነው። ስለ ቴሌስኮፕም እላለሁ። ይበልጥ ልነግራችሁ የምፈልገው ግን ስለ አንድ አውድማ ነው። ክበባችን ሰማይ የሚያየው፣ ድንኳን ተክሎም የሚያድረው እዚያ አውድማ አጠገብ ነው። ቦታው የእኛ አይደለም። የአንድ ገበሬ ነው። ሁላችንም «አያ» ነው የምንላቸው። የእሳቸውንም የመንደሩንም ስም አልጠራም፤ የሰው ማሳ ስለሆነ ሳያስፈቅድ የሚመጣ እንግዳ እንዳይበዛባቸው ቃል ገብተንላቸዋል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ በሐሙሲት በኩል፣ ወደ ጣና ታጥፎ የሚገኝ ቦታ ነው ብል ይበቃል።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀን «ቴሌስኮፓችሁ ምን ያህል ያቀርባል?» ብሎ ነው። የክበባችን ትልቁ ቴሌስኮፕ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት አለው። የሰው ዓይን ብሌን በጨለማ ሲሰፋ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ መስታወቱ ከዓይናችን ከ800 እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ፣ መብራት በበዛበት ከተማ ስንጠቀምበት የከተማውንም መብራት አብሮ ይሰበስባል። ደብዛዛ ጋላክሲ፣ ማለትም ሩቅ ያለ ግዙፍ የከዋክብት ስብስብ፣ የሚታየው ከጀርባው ያለው ሰማይ ጥቁር ሲሆን ነው። ሰማዩ ከነጣ፣ መስታወቱ የቱንም ያህል ቢሰፋ ጋላክሲው እዚያው ንጣቱ ውስጥ ይሟሟል። እኛም ይህን የተረዳነው ዘግይተን ነው። ገንዘብ አዋጥተን ቴሌስኮፑን ከገዛን በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ከከተማ ሳንወጣ ተጠቀምንበት። ጨረቃን አየን፣ የሳተርንን ቀለበት አየን፣ የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች አየን። እነሱ ብሩህ ስለሆኑ መብራት አይበግራቸውም። ከዚያ በኋላ ግን የምናየው አለቀብን።

ትልልቆቹም ያው ጉዳይ ያሳስባቸዋል። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። አዲስ አበባ ግን ከነመብራቷ ከሥራቸው ናት። ለወደፊት ትልቅ የምርምር ቦታ ተብለው ከተጠኑት አንዱ ደግሞ ከላሊበላ አጠገብ ያለው፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ነው። ሳይንቲስቱም አማተሩም ከመብራት መራቅ አለበት።

እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ነው ያደግሁት። ልጅ ሆኜ መብራት ሲጠፋ ግቢያችን ውስጥ ሰሌን ተነጥፎ እንቀመጥ ነበር። ፍኖተ ሐሊብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግቶ አስታውሳለሁ። ያኔ ስሙን አላውቅም፤ ጭስ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ከዚያው ግቢ ቀና ብል አላየውም። ከተማዋ አድጋለች፣ አምሮባታልም። በ2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ማታ መብራቱ በርቶ ያላየ ካለ ይሂድና ይይ፤ ደስ ይላል። እኔ መብራት ይጥፋ አልልም። የምለው፣ ልጆቻችን የሚያዩት አንድ ጨለማ ቦታ በአቅራቢያችን ይቅርላቸው ነው። ያ ቦታ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀርም፤ ተነጋግሮ የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ የምንለፋው ከሰማያችን ዕድል የተነሳ ነው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። የሰሜን ኮከብም ከአድማስ በላይ የሚታየው በዚያው ልክ ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ቡጢ ብትጨብጡ፣ የቡጢው ስፋት 10 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናል። ከውሃው በላይ አንድ ቡጢ ከፍ አድርጋችሁ ፈልጉ፤ ኮከቡን እዚያ ታገኙታላችሁ። አውሮፓ ያለ ሰው ይህን ኮከብ ከፍ ብሎ ያየዋል፤ የደቡብ መስቀል የሚባሉትን አራት ኮከቦች ግን ካገሩ ሳይወጣ አያያቸውም። ደቡብ አውስትራሊያ ያለው ሰው በተራው መስቀሉን ጠግቦ ያያል፤ የሰሜን ኮከብን አያውቀውም። እኛ ሁለቱም አለን። ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ ደመና ከተገለጠ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ መሐል ቁሙ። በስተሰሜን ጭልፋ የሚመስሉት ሰባቱ ኮከቦች፣ በስተደቡብ መስቀሉ ይታያሉ። አንገታችሁን ብቻ ማዞር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ባሕር ዳር ያለችው ከሐይቁ በስተደቡብ ነው። የከተማው ዳር ሆናችሁ ጣናን ስታዩ ፊታችሁ ወደ ሰሜን ነው። ስለዚህ ከተማው ውስጥ ሆነን የሚጨልምልን ሰሜኑ ነው፤ ደቡቡን የራሳችን መብራት ይጋርደዋል። ሌላው ዓለም የሚቀናበት ሰማያችን ግን ደቡቡ ነው። የደቡብ መስቀል ከፍ ብሎ በታየበት ሰዓት እንኳ ከአድማስ 18 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚደርሰው፤ ሁለት ቡጢ እንኳ አይሞላም። የከተማ ብርሃን ደግሞ በብዛት የሚቀመጠው እዚያው ታች ነው። ለዚህ ነው በሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ ወጣ ብለን የሄድነው። እዚያ ስንሆን ከተማው ወደ ደቡብ ምዕራብ ይቀራል፣ ደቡቡ ይለቀቅልናል፣ በስተምዕራብ ደግሞ ጣና አለ። ውሃ ላይ የመንገድ መብራት የለም።

መጀመሪያ የመረጥነው ቦታ ግን አውድማው አልነበረም። ከሐይቁ ጫፍ ላይ ሣር የለበሰ ሜዳ አግኝተን ነበር። ለጥ ያለ፣ ነፋሻ፣ ውሃው ፊት ለፊት። «በቃ፣ አገኘን!» ብለን ድንኳን ልንተክል ስንል አንድ ዓሣ አጥማጅ የደንገል ታንኳውን እየሳበ ወደ ዳር ወጣ። «እዚህ ልታድሩ ነው?» አለን። «አዎ» አልነው። ምንም ሳይናገር ተከተሉኝ በሚል እጁን አወዛወዘ። ጥቂት እርምጃ ሄዶ ሣሩን በእግሩ ከፈት አደረገው። ግራና ቀኙ የተረገጠ፣ መሐሉ ላይ ሣር የቀረለት መንገድ ነበር። የመኪና ጎማ የሄደበት ይመስላል። መኪና ግን እዚያ አይደርስም።

«ይህ የጉማሬ መንገድ ነው» አለ። «ሲመሽ ይወጣል፣ ሳይነጋ ይመለሳል። ሲመለስ እዚህ ካገኛችሁ...» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው።

ጉማሬ ቀኑን ውሃ ውስጥ ይውላል። ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ርቆም ይሄዳል። ሰው ላይ የሚከፋው ሲደነግጥና ወደ ውሃው የሚመለስበት መንገድ ሲዘጋበት ነው። እኛ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪ ሳናበራ ጸጥ ብለን የምንቀመጥ ሰዎች ነን። ከዚህ የባሰ እንግዳ ለጉማሬ አይመጣበትም። ያን ዕለት ዕቃችንን ሰብስበን ተመለስን። ያ ሰው ባይመጣ ምን ይሆን ነበር እያልኩ ዛሬም አስባለሁ። ከዚያ ወዲህ ቦታ ስንመርጥ መጀመሪያ የምንጠይቀው ሰማዩን አይደለም፤ እዚያ የሚኖረውን ሰው ነው። ከብት የሚያግድ ልጅ፣ ዓሣ የሚያጠምድ፣ ውሃ የምትቀዳ እናት። የትኛው ሜዳ በክረምት እንደሚጥለቀለቅ፣ ጅብ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ትንኝ የት እንደሚብስ እነሱ ያውቃሉ። የትንኙን ነገር በቀላሉ እንዳታዩት። የጣና ዳርቻ ወባ አለበት፤ በተለይ ከክረምት በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር። ከውሃው ራቅ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ማደር፣ ድንኳን ውስጥም አጎበር መስቀል ግዴታችን ነው።

አውድማውን እንዲህ ስንጠይቅ ነው ያገኘነው። ከሐይቁ ራቅ ብሎ ጉብታ ላይ ነው። አውድማ ምን እንደሆነ ለከተማ ልጆች ልንገራችሁ። እህል ከታጨደ በኋላ በበሬ የሚበራይበት ክብ ቦታ ነው። እህሉ ሲመረት ነፋስ ገለባውን እንዲወስደው ገላጣ ቦታ ይመረጥለታል። መሬቱ ይደለደላል፣ ይረገጣል፣ ከዚያ በእበት ይለቀለቃል፤ አፈር ከእህሉ እንዳይቀላቀል። ሲደርቅ እንደ ወለል ይጠነክራል። አስቡት እንግዲህ። ለጥ ያለ፣ ጠንካራ፣ ዛፍ የማይጋርደው፣ አቧራ የማያስነሳ። ለቴሌስኮፕ መትከያ ከዚህ የተሻለ ወለል ሥራ ብትሉኝ አላውቅበትም።

ሌላም አለ። ገበሬው በምርት ጊዜ እህሉን ለመጠበቅ እዚያው አውድማው ላይ ያድራል። እኛ «ካምፒንግ» ብለን የተማርነውን፣ ከከዋክብት በታች ማደርን፣ አያ ዕድሜ ልካቸውን ኖረውበታል።

ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ያደርነው ታኅሣሥ 4 ቀን 2010 ሌሊት ነው። ረቡዕ ነበር። ጾም ስለነበር ዳቦና ቆሎ ይዘን ሄድን። የመጣነው ጀሚኒድስ የሚባለውን የተወርዋሪ ኮከብ ዝናብ ለማየት ነው። ፋኤቶን የተባለ ዓለታማ አካል ፀሐይን ሲዞር አቧራና ጠጠር በመንገዱ ላይ ጥሎ ሄዷል። ምድር በየዓመቱ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ በዚያ አቧራ ውስጥ ታልፋለች። አቧራው ከከባቢ አየራችን ጋር ሲጋጭ ይነድዳል። የምናየው እሱን ነው። አያ ጋቢያቸውን ተከናንበው የጤፍ ክምር አጠገብ ተቀምጠዋል። ልናስረዳቸው ጀመርን። ዛሬ ሌሊት ብዙ ተወርዋሪ ኮከብ ይታያል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይብሳል፣ አልናቸው። ሰምተው ሲያበቁ እንዲህ አሉ፦ «አውቀዋለሁ። እህል ስጠብቅ፣ በየዓመቱ በዚህ ሰሞን አንድ ሁለት ሌሊት እንዲህ ይዘንባል።»

ዝም አልን። እኛ ከመጽሐፍና ከኢንተርኔት ያመጣነውን እሳቸው እዚያው ተቀምጠው አይተው ደርሰውበታል። ስም አልሰጡትም እንጂ ቀኑን ያውቁታል። ያን ሌሊት ከ8 ሰዓት በኋላ መቁጠሩን ተውነው። ሐይቁ በኩል አንዱ ሲወርድ አናታችን ላይ ሌላው ይሰነጥቃል። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ማንም ግን ወደ ድንኳን አልገባም። ሊነጋጋ ሲል ማጭድ የመሰለች ቀጭን ጨረቃ ወጣች።

ቀጥሎ የማወራው ደስ የማይል ነው፤ ግን ስለጋራ ቦታ እያወራሁ ልዘለው አልችልም። በሦስተኛው ጉዟችን ጥፋት አጠፋን። ምርቱ ገብቶ አውድማው ባዶ ነበር። ነፋስ በርትቶ ስለነበር ድንኳኖቹን እዚያው አውድማው ላይ ተከልን፤ የድንኳን ካስማ በመዶሻ እየመታን። ጠዋት ነቅለን ስንሄድ ወለሉ በየቦታው ተሰንጥቋል፣ ልቅላቂው ተቀርፏል። አያ አዩት። አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው አንዱን ስንጥቅ በጣታቸው ነካኩና «ይህ እኮ የእንጀራ መሬት ነው» አሉ። በቃ፣ ሌላ አልተናገሩም። ቢጮኹብን ይሻለን ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰባት ሆነን ተመለስን። ቴሌስኮፕ አልያዝንም። እበት ለቀምን፣ ውሃ ተሸከምን፣ እሳቸው እያሳዩን አውድማውን በእጃችን ለቀለቅን። ብዙዎቻችን እበት በእጃችን ነክተን አናውቅም ነበር። ሥራው እስከ ቀትር ወሰደብን። የቦታው ስምምነት በእኔ እምነት ያን ቀን ነው የተጀመረው። ከዚያ በኋላ ነው ተቀምጠን የተነጋገርነው። ድንኳን ከአውድማው ውጭ፣ ሣሩ ላይ። ቴሌስኮፕ አውድማው ላይ፣ ከእግሩ በታች ጣውላ ተደርጎለት። በምርት ጊዜ ቅድሚያ ለእህሉ። እሳት የሚባል ነገር ከገለባው አጠገብ በጭራሽ። እሳት ለእሳቸው የዓመት ልፋት አደጋ ነው፤ ለእኛ ደግሞ ዓይን ያጠፋል። በዚህ ላይ ሁለታችንም ሳንከራከር ተስማማን።

ዓይን ያጠፋል ያልኩት እንዴት ነው? ዓይናችን ውስጥ ጨለማ ላይ የሚሠሩ ሴሎች አሉ። ሮዶፕሲን የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው። ነጭ ብርሃን ሲነካው ይፈርሳል፣ ጨለማ ውስጥ ቀስ እያለ ይመለሳል። ሙሉ ለሙሉ ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። አንድ ሰው ሞባይሉን ከፍቶ ሰዓት ሲያይ፣ የራሱን ብቻ አይደለም፣ የአጠገቡንም ሰው ግማሽ ሰዓት ወሰደ ማለት ነው። ቀይ ብርሃን ግን እነዚያን ሴሎች ብዙም አይነካቸውም። ለዚህ ነው ሁላችንም ባትሪያችን ላይ ቀይ ላስቲክ ደራርበን የምናስረው። የስጦታ መጠቅለያው ቀይ ላስቲክ ይበቃል። ሁለቴ ሦስቴ ይታጠፍ፣ በጎማ ይታሰር። መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ይድረስ። አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙሮ ያቁም፤ ሌሊት መሄድ ቢያስፈልገው መብራቱ ወደ እኛ እንዳይዞር። በር ሲከፈት የሚበራውን የውስጥ መብራትም ቀድሞ ያጥፋው። አረንጓዴ ሌዘር ኮከብ ለማሳየት ጥሩ ነው፤ ክበቡ ውስጥ የሚይዘው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። አውሮፕላን የሚያልፍበት ሰማይ ነውና በቀልድም ወደ አውሮፕላን አይቀሰርም።

ከሁሉ በላይ የከበደን ግን የእኛ ባትሪ አልነበረም። የመንደሩ መብራት ነው። አያ ቤት መብራት ሲገባ ደጃፋቸው ላይ አንድ ነጭ አምፖል ሰቀሉ። ፊቱ ወደ አውድማው ነው። በመጀመሪያው ማታ ስናየው ከእኛ መሐል አንዳንዱ ከፋው። «ስንመጣ እንዲያጠፉልን እንጠይቃቸው» የሚል ሐሳብ ተነሣ። እኔ አልተስማማሁም። ያን መብራት ስንት ዓመት እንደጠበቁት አውቃለሁ። ልጆቻቸው የሚያጠኑት በእሱ ነው። ማታ ጅብ በረት አጠገብ ሲመጣ የሚያዩት በእሱ ነው። እኛ በወር አንዴ ሰማይ ልናይ የምንመጣ ሰዎች፣ በሰው ቤት አምፖል ላይ ምን ሥልጣን አለን?

በመጨረሻ እንዲህ አደረግን። ከመካከላችን አንዱ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ አመጣ። ታቹን ክፍት አድርጎ ቆረጠው፣ ጠርዙ እጅ እንዳይቆርጥ በመዶሻ አጠፈው፣ አምፖሉ ላይ እንደ ባርኔጣ ደፋው። ነጩንም በቢጫ ቀየርንላቸው። አምፖሉ ወደ ጎንና ወደ ላይ ይረጨው የነበረው ብርሃን ወደ መሬት ተመለሰ። ለእኛ አውድማው ጨለመ። የሚገርመው ለእነሱ ደጃፉ ከበፊቱ ይልቅ በራ። ትልቁ ልጅ ደብተሩን ይዞ ሥሩ ተቀመጠ። ጎረቤትም አይቶ «ለእኛም ሥሩልን» አለ። ለሦስት ቤት ሠራን። እኔ ስለ መብራት ብክለት ብዙ አንብቤአለሁ፤ እንደዚያ ቆርቆሮ ያሳመነኝ ነገር ግን የለም። መንገዳችን ላይ የሚሰቀለውም፣ ሆቴሉ ደጃፍ ላይ የሚሰቀለውም መብራት ባርኔጣ ቢኖረው፣ ወደ ሰማይ የሚባክነው ወደ እግራችን ቢመለስ፣ ከተማችን አይጨልምባትም። ከዚህ አዳራሽ የማዘጋጃ ቤት ሰው ካለ ይህን ይዞልኝ ይሂድ።

ጨረቃንም ማወቅ አለብን። ሙሉ ጨረቃ ካለች ጨለማ ቦታ መሄድ ትርጉም የለውም። የምንሄደው ጨረቃ በማትታይበት ሰሞን በሚውል ቅዳሜ ነው። እኛ ቀኑን በሞባይል ነው የምናየው። በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን የሚያስተምሩ የኔታ አሉ። አንድ ቀን የምንመጣበትን ወር ነገርናቸው። ጣታቸውን እየቆጠሩ ጥቂት አሰቡና ጨረቃ በዚያ ሰሞን የምትጠፋበትን ቀን ነገሩን። ሞባይሉን ከፈትን። ገጠመ። የባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ሰዎች አበቅቴን ይዘው ነው የሚያሰሉት፤ የጨረቃና የፀሐይ ዓመት ልዩነት የሚያዝበት ቁጥር ነው። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወር 354 ቀን ነው፤ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያንሳል። ስለዚህ አበቅቴ በየዓመቱ 11 እየጨመረ ይሄዳል፣ ከ30 ሲያልፍ 30 ይቀነስለታል፣ በ19 ዓመት ዑደቱን ጨርሶ ይመለሳል። የኔታ ይህን ሲያስረዱን ከእኛ መሐል የሒሳብ መምህር የሆነው ልጅ መሬት ላይ በጭራሮ እየጻፈ ተከተላቸው። ከዚያ ወዲህ በየጉዞው የየኔታን ስሌትና የሞባይሉን ሳያገናኝ አይመለስም።

አሁን ሌሊቱን ልውሰዳችሁ። የካቲት ነው እንበል። ፀሐይ ጣና ላይ ጠልቃለች። የምሽቱ ወገግታ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በኋላ፣ በስተምዕራብ ከውሃው ላይ ወደ ላይ የሚቆም ደብዛዛ ብርሃን ታያላችሁ። ታቹ ሰፋ ያለ፣ ጫፉ የሾለ። ከተማ ይመስላል። ከተማ ግን አይደለም። በፕላኔቶች መካከል የተበተነ አቧራ ነው፣ የፀሐይን ብርሃን የሚመልስ። ብዙ የዓለም ሰው ስለ መብራት ብዛት ይህን ሳያይ ይሞታል። እኛ ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቀጥ ብሎ ይቆምልናል። አናታችን አጠገብ ሦስቱ የኦሪዮን መቀነት ኮከቦች አሉ። በደቡብ ካኖፐስ ያበራል፤ ከሲሪየስ ቀጥሎ ከከዋክብት ሁሉ ብሩህ ነው። ከእሱ ዝቅ ብሎ፣ አድማሱ ጥርት ካለ፣ ትልቁ የማጀላን ደመና የተባለውን ጎረቤት ጋላክሲ እንፈልጋለን። እሱን ማግኘት ዕድልም ይጠይቃል፤ አቧራና ጭስ በበዛበት ወር አይታይም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ የደቡብ መስቀል ይቆማል። ከእሱ ቀጥሎ ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለው የከዋክብት ክምችት ከፍ ይላል። በዓይን ብቻ ጭጋጋማ ኮከብ ይመስላል። በቴሌስኮፕ ስታዩት ስኳር የተበተነበት ጥቁር ጨርቅ ነው። መጀመሪያ ያየ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ሲይዝ እሰማለሁ። ጨለማ ስለሆነ ፊቱን አላየውም፣ ትንፋሹን ግን እሰማለሁ።

ኅዳር ላይ ከመጣችሁ ደግሞ አንድሮሜዳ የተባለችውን ጋላክሲ ያለ ምንም መሣሪያ አሳያችኋለሁ። ደብዛዛ ነጠብጣብ ናት። ብርሃኗ ከዚያ ከተነሣ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል። ድንቅነሽ ሐዳር ላይ የኖረችው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ያ ብርሃን ጉዞ ሲጀምር ድንቅነሽ ከሞተች 700 ሺህ ዓመት አልፏታል። ይህን ለተማሪዎች ስነግራቸው አንዳንዱ ቁጭ ይላል።

በዚያው አንድሮሜዳ በሚባለው የሰማይ ክፍል ውስጥ የእኛ ስም ያለው ኮከብ አለ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የተመሠረተበትን 100ኛ ዓመት ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሰጠ። በታኅሣሥ 2012 ይፋ ሲሆን የኢትዮጵያ ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቱ «አቦል» ተባለ። ኮከቡ በዓይን አይታይም፤ በጥሩ ባይኖኩላር ግን ይደረስበታል። ፕላኔቱን ማየት አንችልም፤ እንደ ጁፒተር ያለ ትልቅ የጋዝ ዓለም ነው። ይህን ለአያ ባለቤት ነገርናቸው። እትዬ ነው የምንላቸው። ጀበናውን ጥደው፣ ከቤት ጀርባ፣ እሳቱ እኛን እንዳያይ በግድግዳ ጋርደው ቡና እያፈሉልን ነበር። አቦሉን ቀድተው ሲሰጡን ነው የነገርናቸው። ፍንጃሉን እንደያዙ ቆም አሉና «ቶናና በረካውስ?» ብለው ጠየቁ።

«ገና አልተገኙም፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ፈልጉ እንግዲህ» አሉን።

በሰዓት እላፊ ምክንያት ከቤት መውጣት ያልቻልንባቸው ወራት ነበሩ። ያኔ አውድማው ብቻውን አደረ። እኛም ከየግቢያችን የምትታየውን ያህል አየን። ዛሬም መንገዱና ጸጥታው ሳይረጋገጥ፣ ለቀበሌው ሳይነገር፣ አያ ጋ ሳይደወል አንሄድም። «ዛሬ አትምጡ» ካሉን አንሄድም፤ ምክንያቱንም አንጠይቃቸውም።

ከእናንተ መሐል መምጣት የሚፈልግ ካለ በር ላይ ስሙን ይጻፍ። ጋቢ ያምጣ፤ ጃኬት ብቻ አይበቃም። ቀይ ላስቲክ ያምጣ። ውሃውን፣ ስንቁን፣ ቆሻሻውን የሚመልስበትን ፌስታል ይያዝ። ባይኖኩላር ያለው ያምጣ፤ ለጀማሪ ከቴሌስኮፕ ይልቅ ባይኖኩላር ይሻላል፣ ሰማዩ ውስጥ አይጠፋበትም። እዚያ ስንደርስ ዕቃ ከማውረዳችን በፊት መጀመሪያ አያ ቤት ገብተን ሰላም እንላለን።

ለዛሬ ግን ቴሌስኮፑን እዚሁ ግቢው ውስጥ ተክለነዋል። ጨረቃ ግማሽ ሆናለች፣ እሷን የከተማ መብራት አይከለክላትም። ልጆች ይቅደሙ። ብርሃኑና ጥላው የሚገናኙበትን መስመር እዩ፤ ተራሮቹ ጎልተው የሚታዩት እዚያ ነው። ጥያቄ ያለው ተሰልፎ እየጠበቀ ይጠይቀኝ።